የመምህርት ታደለች የትራስ ፈተና

ለሶፋ ትራስ ስትገዙ ምን ታያላችሁ? ቀለሙን? ጥልፉን? እንግዲያው ከሶዶዋ ጎረቤቴ ከመምህርት ታደለች ጋር ገበያ ወጥታችሁ አታውቁም። እሷ ትራስ ልትመርጥ ስትሄድ የባሏን አክስት አስከትላ ነው። አክስትን ያልተመቻቸው ትራስ ቤቷ አይገባም።

ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ነበርኩ። አክስት ከገጠር፣ ከቤሌ የመጡ፣ አዲስ ዕቃ ለመንካት የሚሳቀቁ ሴት ናቸው። ባለሱቁ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ትራስ ሱቁ ውስጥ ባለው ሶፋ ላይ አደረገላቸው። አክስት ሊደገፉት ፈርተው፣ አንስተው እንደ አራስ ልጅ ታቀፉት።

«ይሄ ይቅር» አለች ታደለች።

ነጩ ቀረበ። አክስት ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው «ልጄ፣ አቆሽሸዋለሁ» አሉ። ነጩም ወደቀ! የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና እንኳ እንዲህ ይጨክናል?

በመጨረሻ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የዱንጉዛ ትራስ መጣ። ይህን የወላይታ ባህላዊ ጨርቅ አክስት ከልጅነታቸው ያውቁታል። ደገፍ አሉ፤ ነጠላቸውን ላላ አደረጉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሱቁ መሃል ማንኮራፋት ጀመሩ።

ባለሱቁ ደነገጠ። «ኧረ አስነሱልኝ፣ ደንበኛ እየገባ ነው!»

«ዝም በል፣ እንዳትቀሰቅሳቸው!» አለች ታደለች በሹክሹክታ። «ከዚሁ ዓይነት ሌሎቹን ጠቅልልልኝ። የተኙበትን ሲነቁ እወስደዋለሁ።»

እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁና የራሴን ሶፋ አየሁት። ያምራል፤ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም። ግን ከገዛሁት ጀምሮ አንድም እንግዳ አላንኮራፋበትም።