ባዶ መኪና የሚለኩ ሰዎች

«ፈሪ ለእናቱ» ይላሉ። እናቲቱ ራሷ ፈሪ ስትሆንስ ለማን ትሆናለች? ለጠጅ ጋን ትሆናለች፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ባዶ መኪና የሚለካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ የብቸናው ቀበሌያችን ሊቀመንበር እንዲያ ነበሩ። ልጄ ሞጣ ሊዳር ነውና፣ ጠጁን ለማድረስ ሠርገኛ ከሚወስደው ላንድሮቨር ኋላ የሚንጠለጠል፣ ጋን የሚቀመጥበት የብረት መጫኛ ፈለግሁ። ብረት ሠሪው ዝቅ ያለና ከፍ ያለ አቀረበልኝ። ሊቀመንበሩ ሳይጠሩ መጡ፤ ባዶውን መኪና ከመሬት በስንዝር ለኩና፣ «ዝቅ ያለው ለመጫን ይመቻል፤ ተወስኗል!» ብለው አሳሰሩት።

እኔ ጥላዬን የምፈራ ሴት፣ የመንገዱ ድንጋይ ሁሉ ታየኝ። ጋኑ ከተሰበረ እንግዳ በውሃ ሊሸኝ ነው!

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መጀመሪያ አብረውን የሚሄዱት ሽማግሌዎች ይሳፈሩ፤ እርስዎም ይግቡ» አልሁ።

«አይ እትዬ፣ ምን ያስፈራዎታል!» ብለው ገቡ።

መኪናው እንደ ተጫነች በቅሎ ወገቡ ጎበጠ፤ መጫኛው መሬት ሊስም ምንም አልቀረው። በምትኩ ከፍ ያለው ታሰረ።

ጋኑ ሳይሰነጠቅ ሞጣ ገባ። ሊቀመንበሩ ዳሱ መሀል ቆመው፣ «መጫኛውን የመረጥሁት እኔ ነኝ!» አሉ። ብርሌያቸውን ሞላሁላቸው። ጠጁ መንገድ ላይ ፈስሶ ቢሆን በምን ይፎክሩ ነበር?