የጅብ ጥላ ወጥ

በስተርጅናዬ እንጉዳይ በላሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ የጎንደር ሰው! በእኛ አገር ክረምት ሲገባ ከእበት ላይ ብቅ የሚለውን ሁሉ የጅብ ጥላ ነበር የምንለው። የጅብ ጥላ ደግሞ በእግር ይመታል እንጂ አይበላም። ጅቡ ራሱ ሲበላው አይቼ አላውቅም። ጅብ የናቀውን ሰው እንዴት ይበላዋል?

ነገሩን ያመጣችው ሐኪሟ ናት። እዚህ ቁፓት ሖሊም የሚሉት ጤና ጣቢያ ሄጄ ለምርመራ ደም ሰጠሁና ውጤቱን ስታይ ኮሌስትሮሌ ጣራ ነክቷል አለችኝ። ክኒን ልታዝልኝ ስትል፣ ሦስት ወር ስጪኝ፣ በምግብ አወርደዋለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ታላቅ ወንድሜ በልቡ ነው የሞተው፤ ለፈረቃ የሚወስደውን አውቶቡስ እየጠበቀ። ክኒኑ ኪሱ ውስጥ ነበር። «እኔ እኮ ክኒን አለኝ» እያለ ጮማውን አይተውም ነበር። ስለዚህ ክኒን ለእኔ የጮማ ፈቃድ ማለት ነው። እፈራለሁ፣ አልደብቃችሁም።

በኢንዱስትሪ ቀጠናው መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ቦሪስ የሚባል ሰው አለ፣ ከሩስያ የመጣ። በእነሱ አገር ለእንጉዳይ ለቀማ እንደ ሠርግ ነው የሚወጣው። ሺታኬ የሚባለውን የነገረኝ እሱ ነው። የሩቅ ምሥራቅ እንጉዳይ ነው፣ ቡናማ ባርኔጣ ያለው። እዚያ ከጥንት ጀምሮ ወጥም መድኃኒትም ነው አሉ፤ የደም ስብ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። ሐኪሟን ብጠይቃት፣ ሊረዳ ይችላል፣ ግን ብዙም የተረጋገጠ ነገር የለም፣ ዋናው ሥጋውንና ቅባቱን መተው ነው አለችኝ። እኔ «ሊረዳ ይችላል» የሚለውን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ከመሀል ከተማ ደረቁን ሺታኬ ገዝቼ ቤቴ ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ አፉላ ኢሊት ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ዘነቡ ከረጢቱን ገልጣ አየችና፣ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጥላውን ይዞ ሲመጣ ግን ዛሬ አየሁ!» አለች።

ሥራው እንኳ ቀላል ነው። ለብ ባለ ውኃ ትዘፈዝፉታላችሁ። ሲለሰልስ እግሩን ቆርጣችሁ ትጥላላችሁ፣ እንደ ጅማት ነው። ውኃውን ግን እንዳትደፉት፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ዘነቡ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት አቁላልታ፣ በርበሬ ጨምራ፣ በዚያው ውኃ ሠራችው። የመጀመሪያውን ሳምንት ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!

በሁለተኛው ሳምንት ታምር ሆነ። ወጡ ከደጅ ይጣራ ጀመር። ጣቴን ላስኩ። ለካ ሲለመድ ነው የሚጣፍጠው አልኩ። ከዚያማ ማን ይቻለኝ? በፈረቃ አውቶቡስ ውስጥ ሰባኪ ሆንኩ። ሥጋ የሚበላ ሰው ሳይ አዝንለት ጀመር።

ሦስት ወሩ ደረሰ። ደም ሰጠሁ። ኮሌስትሮሉ ጭራሽ ጨምሯል።

ቤት ገባሁና፣ ይሄ የጅብ ጥላ ጉድ ሠራኝ ብዬ ከረጢቱን ወደ ቆሻሻ ልወረውር ስል ዘነቡ እጄን ያዘችኝ። ፍሪጁን ከፍታ አንድ ጠርሙስ አወጣች። እህቷ ከጎንደር ያመጣችላት ንጥር ቅቤ ነው። ሞልቶ የነበረው ግርጌው ላይ ደርሷል።

«እንደዚያ ስትውጠው አንጀቴን በላኸው» አለች ዓይኗን ሰብራ። «ሥጋ ቢሆን ቅቤውን መች እነካው ነበር? እንጉዳይን ከቅቤ ማን ከለከለው? ኮሸር ነው!»

እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ሥጋና ቅቤ ተፋተዋል፤ በአይሁድ ሕግ አብረው አይበሉም። ሃይማኖቴ ነው፣ አልከፋኝም። ግን ይኸው ስንት ዓመት ቅቤን የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሥጋ ጋር ነህ ወይ? ስለ እኔ ልብ የጠየቀው የለም።

ልቆጣም አልቻልኩም። ደግሞስ የጎንደር ሰው ቅቤ አላወቀም ብል ማን ያምነኛል? አፍንጫዬ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ነግሮኛል። ዝም በል ብዬዋለሁ። ወንድሜን ያሞኘው ክኒኑ አልነበረም ለካ፣ ራሱ ነበር። እኔም የእሱ ወንድም ነኝ።

በማግስቱ ክኒኑን ያለ ክርክር ተቀበልኩ። እንጉዳዩን ግን አልተውኩም፣ እልህ ነው። ዘነቡ «ቅመም ባይገባበት ፀጉሬን እቀባው ነበር» እያለች የተረፈውን ቅቤ ለጎረቤት ሰጠችው። ወጡ እንደ መጀመሪያው ሳምንት በጥቂት ዘይት ተሠራ። አንዱን ጎርሼ ብዙ አኘክሁ።

ቦሪስ ውጤቱን ሰምቶ ሰኞ ዕለት፣ አሁንስ መድኃኒትነቱን ተጠራጠርክ አይደል ቢለኝ፣ ኧረ ገና አሁን አመንኩ አልኩት። አይጣፍጥማ!