ባህር መሃል እጄን ለቃ የሄደችው ወርቄ

ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ወርቄ ዛሬ ቀትር ላይ፣ ውሃው ደረቴ ደርሶ ሳለ፣ እጄን ለቃ ሄደች።

ኋላ አልሰማሁም፣ አላየሁም የሚል እንዳይኖር ነው ቀድሜ የጻፍኩት።

ጠዋት የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ጀግና እናት»፣ «ባህር የረገጡ የሚዛን እመቤት» እያላችሁ ኮሜንት የሰጣችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አጥፉት። ጀግናዋ አሁን ብርድ ልብስ ተከናንባ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነው የምትጽፍላችሁ። የዚህ አገር ሙቀት ደግሞ ቅቤ ያቀልጣል።

ብርድ አይደለም። ፍርሃት ነው።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። እኔ ሚዛን ከተማ ነው የምኖረው፣ ወርቄ የሸዋ ቤንች ልጅ ናት። ልጇ ትዕግስት ዛንዚባር ደሴት ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሰራለች። ለእናቷ ትኬት ስትልክ ወርቄ «ያለ ዘውዴ አልሄድም» አለች። ትዕግስትም ምን ታድርግ፣ ሁለት ላከች።

ስለዚህ መጣን። ሁለታችንም ከተፈጠርን ባህር አይተን አናውቅም።

የደረስነው ትናንት መሽቶ ነው። ባህሩ ከሆቴል ክፍላችን መስኮት ስር ሲያጉረመርም ሰማነው እንጂ አላየነውም። ጠዋት ተነስቼ መጋረጃውን ስገልጥ ባህሩ የለም።

አልቀለድኩም። ሄዷል። እስከ አድማስ ድረስ እርጥብ አሸዋ ብቻ። መሃሉ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይሰራሉ። አንድ ዓይነት የባህር ሳር በችካል ላይ እያሰሩ ያበቅላሉ፤ ችካሎቹ በረድፍ ተተክለው ከሩቅ የቡና ችግኝ ጣቢያ ይመስላሉ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ነጭ የአሸዋ ጉብታ አለ። ቡና ቢሰጣበት በሁለት ቀን የሚደርቅ፣ ንጹህ፣ ሰፊ።

«እዚያ ቆሜ ፎቶ ካልተነሳሁ ሚዛን አልመለስም» አልኩ።

ትዕግስት ወደ ስራ ልትወጣ በር ላይ ቆማ ነበር።

«እትዬ ዘውዴ፣ ሩቅ እንዳትሄዱ። ውሃው ይመለሳል።»

«የሄደ ውሃ ከየት ነው የሚመለሰው?»

«ባህር ነው እኮ እትዬ።»

«ውሃ ውሃ ነው የኔ ልጅ። እናትሽና እኔ ስንት ወንዝ ተሻግረናል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ ያለ ማስረጃ አልወጣሁም። ወደ ሰማይ አየሁ። ደመና የለም። ወደ ኋላ፣ ወደ መሬቱ በኩል አየሁ። የጠቆረ ተራራ የለም። በእኛ አገር ወንዝ የሚሞላው ላይኛው ደጋ ሲዘንብ ነው። ላይ ካልዘነበ ታች ደራሽ አይመጣም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

ጨረቃ ውሃ ትጎትታለች ብሎ ማን ነገረኝ?

ሄድን። ኮንጎ ጫማዬን ጉብታው ላይ አውልቄ፣ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ፎቶ ተነሳሁ። ወርቄ አነሳችኝ። እኔም አነሳኋት፤ ግን ጣቴ ስለገባበት አልለጠፍኩትም። «ባህርን በእግሬ ተሻገርኩ» ብዬ ጻፍኩ። ላይኩ ሲዘንብ ደስ ብሎኝ እዚያው ተቀመጥኩ። እንግዲህ ዛሬ የዘነበው እሱ ብቻ ነው።

«ሴቶቹ እየሄዱ ነው» አለች ወርቄ።

«ስራቸውን ጨርሰው ነው።»

ትንሽ ቆይታ፣ «ዳኛዋ፣ ሴቶቹ እየተጣደፉ ነው» አለች። ነገር ማጣራት ስለምወድ ዳኛዋ ነው የምትለኝ።

«ምሳ ሊያደርሱ ነዋ። ሰማዩን እዪው፣ ጠብታ የለም።»

ሦስተኛ ጊዜ፣ «ጫማሽ የታለ?» አለችኝ።

ዞር አልኩ። ጫማዬ የለም። ጫማዬ የነበረበት አሸዋም የለም።

ድምፅ አልነበረውም። ይሄ ነው እስካሁን የሚያንቀጠቅጠኝ። የእኛ ወንዝ ሲመጣ እያገሳ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ «ውጡ» ብሎ ነው የሚመጣው። ይሄ ግን እንደ ድመት ከኋላ መጣ። በግራም በቀኝም ዞሮ ጉብታውን ከቦት ነበር። እኛ ላይክ ስንቆጥር እሱ መንገዳችንን ጨርሶ ነበር።

ስልኬን ሻሼ ውስጥ አስሬ አናቴ ላይ ጠመጠምኩ። ከዚያ ተሳልኩ። «ቅዱስ ሚካኤል፣ በሰላም ካወጣኸኝ ትልቅ ጃንጥላ አገባለሁ!»

«ጃንጥላ ምን ያደርግለታል?» አለች ወርቄ፣ ጴንጤ አይደለች? «ውሃው የሚመጣው ከታች ነው።»

ተናደድኩ። ግን ወዲያው እሷም ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ ስሰማት በቤንችኛ ነው። ወርቄ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ በአማርኛ ነው የምትጸልየው። በእናቷ ቋንቋ ስትጸልይ የሰማኋት ባሏ የታመመ ጊዜ ብቻ ነው።



ወንዝ ስንሻገር ደንብ አለን። እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ ማዶ እስኪረገጥ ድረስ የተያዘ እጅ አይለቀቅም። እኔና ወርቄ የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። ልጃገረዶች ሆነን ቡና ለቀማ ውለን ስንመለስ ወንዝ መሃል ደራሽ ያዘን። ወርቄ ቀኑን ሙሉ የለቀመችውን ቡና ከነቅርጫቱ ለቀቀችው። እኔን አልለቀቀችኝም። እናቷ ማታ ስለ ቅርጫቱ ስትገርፋት እንኳ የኔን ስም አላነሳችም።

ስለዚህ ዛሬም እጇን ያዝኩ።

የሆቴሉ ቀይ ጣሪያ ፊት ለፊታችን ይታያል። ቀጥታ ወደዚያ መራሁ። ወርቄ ወደ ጎን፣ ችካሎቹ ወዳሉበት ትጎትተኛለች። «ሴቶቹ በዚያ ነው የወጡት» ትላለች። እኔ ደግሞ በግልጽ ከሚታይ ጣሪያ ተነስቼ ዙሪያ ጥምጥም የምሄድበት ምክንያት አልታየኝም። ጎተትኳት። ጎተተችኝ። ውሃው ጉልበታችን፣ ከዚያ ወገባችን ደረሰ። ጠዋት ቁርጭምጭሚት ያልሞላች ጎድጓዳ ተሻግረን ነበር። ያቺው ጎድጓዳ አሁን ፊት ለፊቴ ጠቁራ ተኝታለች።

አንድ እርምጃ ስጨምር ውሃው ደረቴ ላይ ወጣ። ሌላ እግሬን ስሰድ መሬት አጣሁ። ወርቄ ወደ ኋላ ስባ አቆመችኝ።

«ተመለሽ» አለችኝ።

«ጣሪያው እኮ ያው!»

ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ እጇን አወጣች። ጀርባዋን ሰጠችኝና ወደ ችካሎቹ ሄደች።

አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረችም።

ብቻዬን ባህር መሃል ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ? ሞትን አላሰብኩም። ያሰብኩት «ይቺ ሴት ይህን አድርጋ በሰላም ልትወጣ ነው?» የሚለውን ነው። ፍርድ የለም እንዴ?

ተከተልኳት። አንቺ ከሃዲ እያልኩ፣ የቅርጫትሽ እዳ ዛሬ አለቀ እያልኩ፣ በልጅነታችን የሰረቀችኝን ማበጠሪያ ሳይቀር እያነሳሁ ተከተልኳት። ማዕበሉ ከጎን ሲመታኝ ችካል አቅፌ እቆማለሁ፣ የገባብኝን ጨው ተፍቼ ከተውኩበት እቀጥላለሁ። ያን የመሰለ ጨው ደግሞ በአንድ ወር ወጥ ውስጥ አልበላም። ቀሚሴ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ዙሪያዬን ተዘርግቷል። ጃንጥላ ለሚካኤል ተስዬ እሱ ቀድሞ ለኔ የላከልኝ መሰለኝ።

ከየትኛው ችካል ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ስድብ ልጨምር አፌን ስከፍት ውሃው ጉልበቴ ላይ ነው።

ዳር ላይ የሳር ሰራተኞቹ ሴቶች ተሰብስበው ያዩናል። የሆቴሉ ፈረንጆችም ከጥላቸው ስር ወጥተው፣ ስልካቸውን ደግነው፣ በባዶ እግሯ ቀሚሷ ጭኗ ላይ የተጣበቀ አሮጊት ሌላ አሮጊትን እየተሳደበች ከባህር ስትወጣ ቀረጹ። ቪዲዮው የሆነ ቦታ ካያችሁት እኔ ነኝ። ከሴቶቹ አንዷ ጨርቋን አልብሳኝ «ፖሌ፣ ፖሌ» አለችኝ። አይዞሽ ማለት ነው አሉኝ። ያኔ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ይህንም መዝግቡት።

ክፍላችን ገብተን ልብስ ከቀየርን በኋላ ጠየቅኳት።

«ለምን ለቀቅሽኝ?»

ሻይዋን ጠጣች።

ደግሜ ጠየቅኳት። ስኳር ጨመረች። ወርቄ ስኳር አትወስድም። እሱን ግን ለጊዜው አለፍኩት።

ትዕግስት ከስራ ስትመለስ ዳኝነት ተቀመጠች። ሁሉን ነገርኳት። ሰማዩን ማየቴን፣ ደንቡን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ መፈልቀቋን። ልጅቷ ጭንቅላቷን ይዛ ሰማችኝና «እትዬ፣ እኔ ጠዋት ምን ብዬ ነበር?» አለች። ያ የተለየ ጉዳይ ነው አልኳት። የተለየ ጉዳይ ነው ወይ? እናንተ ፍረዱ።

«አንቺም ተናገሪ» አልኳት ወርቄን። «አንድ ወገን ብቻ ተሰምቶ አይፈረድም።»

ወርቄ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጣለሁ።

«ሦስቴ ነገርኩሽ፣ አልሰማሽኝም። እጅሽን ይዤ ብለምንሽ እዚያው እንደቆምን ያልቅልን ነበር። ልትጣዪኝ ከሆነ ግን ባህርም ተሻግረሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ።»

«መዞር አቅቶሽ ነው? አንድ ጊዜ?»

«ብዞር ትቆሚ ነበር። ስድብሽን እየሰማሁ ነው የሄድኩት፣ ዘውዴ። አንዴ ዝም ብትዪ ኖሮ እመለስ ነበር።»