ሳይጠፋ ማዛወር

ወንደላጤ ሙቀጫ ምን ያደርግለታል? እስቲ ንገሩኝ። እንቁላል ጠብሶ የሚያድር ልጅ፣ በርበሬውን ከሱቅ በላስቲክ የሚገዛ ልጅ፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ተሸክሞ ወደ ወረታ መናኸሪያ ሲሄድ ያየ ሰው ምን ይላል?

እኔ ያልሁትን ልንገራችሁ። «እሰይ! ልጄ ሊያገባ ነው» ነው ያልሁት።

ሙሉቀን ይባላል። አባቱ ካረፈ ወዲህ ያለኝ እሱና አምላኬ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉን ይቅር ይበለኝ። ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠብቃል። «ይጠብቃል» ስል አይወድም። «እማዬ፣ ዘበኛ አደረግሽኝ እኮ!» ይለኛል። ታዲያ እንዳይጠፋ ቀን ከሌት የሚያይ ሰው ጠባቂ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? እሑድ እሑድ ይመጣል። አብረን እናስቀድሳለን፣ ምሳውን ይበላል፣ ገና ፀሐይ ሳለች በሐሙሲት በኩል ይመለሳል።

ከፋሲካ ወዲህ ግን አዲስ ጠባይ አመጣ። ሲመጣ ባዶ እጁን ነው፣ ሲሄድ ከነሸክሙ። መጀመሪያ «ጋቢሽን ልውሰደው፣ ይበርደኛል» አለ። ባሕር ዳር! ሰው ቆሞ በሚቀልጥበት አገር ማን ይበርደዋል? ሰጠሁት። ቀጥሎ ሙቀጫውን ወሰደ። ቀጥሎ ጥቁሩን የሸክላ ድስት። ቀጥሎ በርጩማዬን።

ጎረቤቴ ብርቄ አንገቷን በአጥሩ ላይ አሰገገች። ቀበሌው አንድ ለአምስት ብሎ ካደራጀን ወዲህ ጠርናፊያችን እሷ ናት፤ የኔ ጓዳ እሷን የሚያስጠይቃት ይመስላታል። «አንቺ፣ ልጅሽ ቤት እየሠራ ነው ወይስ ቤት እያፈረሰ?» አለችኝ። ሊያገባ ነው አልኋት። በልቤማ የሠርጉን ጌሾ ወቅጬ ጨርሻለሁ። ያውም ያለ ሙቀጫ።

ግን እናት ዕረፍት አላት? ማናት? የማን ልጅ ናት? ለምን ደበቀኝ? ተቀምጬ እነሣለሁ፣ ተነሥቼ ምን ፈልጌ እንደተነሣሁ እረሳለሁ። የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ «አባቴ፣ ልጄ የደበቀኝ ነገር አለ» ብላቸው፣ «ጊዜው ሲደርስ ይነግርሻል። እስከዚያው ጸልዪ» አሉኝ። ጸለይሁ። ጸሎቴ ግን የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ሆነብኝ። ይጮኻል እንጂ ፍሬው ከገለባው አልለይ አለ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ስልኩ ጮኸ። የሥራ ባልደረባው ነው። ሙሉቀን ጉርሻውን ዋጥ አደረገና «አይዞህ፣ ሳይጠፋ ነው የምናዛውረው። ራሱም ማወቅ የለበትም» አለው።

ደነገጥሁ። ወረታ ላይ «ዝውውር» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ብርቄ ቤት የተከራየችው አስተማሪ ባሏ ሌላ ዞን፣ እሷ እዚህ፤ ዝውውር እያለች ታለቅሳለች። እና ማንን ነው ሳያውቅ የሚያዛውሩት? የሰው ልጅ ሳይነገረው?

ጠየቅሁት። «ሰው አይደለም እማዬ፣ ምናባዊ ማሽን ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ በሰንበት እንጀራህን አትስደብ» አልሁት።

ሳቀ። ምናባቱ ማለቱ አልነበረም ለካ። ምናባዊ ማለት በምናብ ያለ ነው አለኝ። ይኸ ደግሞ ባሰ። ጭራሽ የሌለውን ነው የምታዛውሩት?

ድስቱ ስለሌለ በትሪ ካቀረብሁለት ወጥ እያጠቀሰ አስረዳኝ። እንደገባኝ ልንገራችሁ። አንድ ትልቅ ብረት አለ። ሆዱ ውስጥ ብዙ ተከራዮች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ተከራይ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነኝ ይላል። በር አለኝ፣ መስኮት አለኝ፣ ሰዓት አለኝ ይላል። በሩም መስኮቱም ግን ብረቱ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ታዲያ ብረቱ ሲያረጅ ወይ ጥገና ሲያምረው ተከራዩን ወደ ሌላ ብረት ይወስዱታል። ሥራ ሳይፈታ! ሳይጠፋ! እኛ ዘንድ የጠፋ ነገር ይፈለጋል፤ እነሱ ዘንድ የጠፋ ነገር ይበራል።

«እንዴት አድርገህ?» አልሁት።

«ቀስ እያልን ነዋ! እሱ ሥራውን ሲሠራ እኛ ከሐሳቡ ትንሽ ትንሹን ወደ አዲሱ ቤት እንገለብጣለን። በመካከል የቀየረው ካለ እሱን ደግመን እንወስዳለን። መጨረሻ ላይ ጥቂት ሲቀር ዐይን ለመጨፈን ያህል እናቆመዋለን። ሲገልጥ እዚያ ነው። ምንም አያውቅም።»

«ይኸማ ቀላል ነው» አልሁ።

«ቀላሉስ ይኸ ነው። አስቸጋሪው ዕቃው ነው» አለኝ። ተከራዩ የሚናገርበት፣ የሚሰማበት፣ የሚጽፍበት ዕቃ አለ። ዐይኑን ሲጨፍን አፉ ላይ ግማሽ ቃል ይኖራል፣ እጁ ላይ ያልተጻፈ ግማሽ መስመር ይኖራል። ዕቃው የት ላይ እንደደረሰ አብሮ ካልሄደ፣ ያ ተከራይ አዲሱ ቤት ሲነቃ ሐሳቡ ሙሉ፣ ጆሮው ደንቆሮ ይሆናል።

አሃ! አልሁ። ይኸማ የቦቂት ነገር ነው።

ቦቂት የወንድሜ ላም ናት፤ ያቺ የፎገራ ላም፣ ጡቷ እስከ ጉልበቷ። አንድ ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጠው ላሟን ሐሙሲት አክስቴ ዘንድ አሻገርናት። ጥጃዋ አብራ ሄደች። ገለባዋም፣ የምትታለብበት ግሬራም ሄደ። ላሟ ግን አንዲት ጠብታ አልሰጥም አለች። ቡዳ በላት ተባለ፣ ጠበል ተረጨች፣ ወይ ፍንክች! ኋላ የወንድሜ ሚስት ውቢት ልትጠይቅ መጣች። ላሟን ተከትሎ እዚያ የሰነበተውን ወንድሜን በረት በር ላይ ቆሞ ስታየው «አንተ ሰነፍ! አጥሩ ፈርሶ እዚህ ትገተራለህ?» ብላ ጀመረች። ወተቱ ወረደ! ለካ ውቢት ዘወትር የምታልበው ባሏን እየተሳደበች ኖሯል። ላሟ የለመደችው ስድቡን ነው።

አክስቴ ደግሞ ባሏን «ጌታው» የምትል፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። ምን ታድርግ? በማግሥቱ ግሬራዋን ይዛ ተቀመጠች። «ይቅር ይበሉኝና ጌታው፣ እርስዎ ሰነፍ ነዎት» አለች። ጥቂት ወረደ። «ደግሞም ሆዳም ነዎት።» ሞላ። እያደር ይቅር ይበሉኙ ቀረ፤ እርስዎውም ቀረ። ባልየው በየቀኑ መንገድ ዳር እየወጣ ከፎገራ የመጣውን ሁሉ «ጎርፉ አልጎደለም?» እያለ ሲጠይቅ ከረመ።

ለሙሉቀን ይኸን ስነግረው ሳቅ ወጥ አስታነቀው። «በቃ እሱ ነው እማዬ! ላሟ ተዛውራለች፣ ስድቡ አልተዛወረም» አለ። ደግሞ ጨመረልኝ። አንዳንዱ ተከራይ በሥዕል አይረካም አለ፤ እውነተኛውን ዕቃ በእጁ ይጨብጣል። እንዲህ ያለው የጨበጠውን ካልለቀቀ በስተቀር ሳይጠፋ አይዛወርም።

ጆሮዬ ላይ ቀረች፣ ይቺ ነገር።

ከዚያ እጁን እየታጠበ «እማዬ፣ የሚመጣው እሑድ ለጉልበትሽ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ። ኮንትራት መኪና ይዤ እመጣለሁ። አንድ ቀን ነው። ዐይን እንደመጨፈን» አለኝ።

ዐይን እንደመጨፈን።

ቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። ጋቢዬ የለም። ሙቀጫዬ የለም። ድስቴ፣ በርጩማዬ የሉም። የቀረው አልጋዬ፣ የእመቤታችን ሥዕልና እኔ ነን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ሙሽሪት የለችም። ጌሾውንም በከንቱ ወቀጥሁት። የሚዛወረው ተከራይ እኔ ነኝ!

ማወቄን ሳልነግረው ሸኘሁት፤ እኔ ግን አልተቀመጥሁም። ያን ሳምንት ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር። ልጁ ክፉ አልሠራም፣ እውነቱን ልናገር። አምና ክረምት ግቢ ውስጥ አዳልጦኝ ወድቄ፣ ብርቄ እስክትሰማኝ ድረስ ዝናብ ሲወርድብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ጉልበቴንም ዋንዛዬ ፍል ውሃ ገብቼ እመለሳለሁ፤ ያሽለኛል፣ ደግሞ ያመኛል። ልሂድ ወይ? እላለሁ። ልጄ አይደል? ደግሞ በሬን አያለሁ። የኔ በር እንደ ሰው በር አይከፈትም። በጉልበት ገፋ፣ መወርወሪያውን ወደ ላይ ብድግ፣ ከዚያ ሳብ። ብርቄ እንኳ ስንት ዓመቷ፣ እስካሁን አልቻለችውም። እጄ ግን ሳላዝዘው ያውቀዋል። ባሕር ዳር ሄጄ በማለዳ ቅዳሴ ልሄድ ስነሣ እጄ ይኸን በር ቢፈልግስ? ሐሳቤ ሙሉ፣ እጄ ደንቆሮ!

በዚህ መሀል የማርያም ማኅበራችን ደረሰ። እንደምታውቁት ከተጠጣ በኋላ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ጽዋ የተረከበ ሰው ደግሶ እስኪያስረክብ ድረስ አገር ጥሎ አይሄድም። ተረኛዋ ብርቄ ነበረች። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ጽዋውን ብድግ ሲያደርጉ እጄ ቀደመ።

«ለኔ ይስጡኝ» አልሁ።

«አንቺ! ተራዬን?» አለች ብርቄ። ሙሴውም ግራ ገብቷቸው «ስእለት ነው?» አሉኝ። ስእለት አይደለም፣ ጭንቀት ነው አልኋቸው። የነፍስ አባቴ ከወዲያ ሆነው «እመቤታችን ጭንቀትም ትቀበላለች። ስጧት» አሉ። ተሰጠኝ።

እሑድ መኪናው በር ላይ ቆመ። እኔ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ጭኔ ላይ አድርጌ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ! ሐኪሙ ይጠብቃል።»

«እጄ ላይ ዕቃ አለ ልጄ። የጨበጠ ተከራይ ሳይለቅ አይዛወርም አላልኸኝም?»

መጀመሪያ ጽዋውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ከዚያ ባዶውን ግድግዳ አየ። በርጩማ ፈልጎ አጣ፤ ራሱ ወስዶት የለ? መሬት ላይ ተቀመጠ። «አወቅሽብኝ?» አለ።

«አንተው ነህ የነገርኸኝ።»

«ብትወድቂስ? ብርቄ ባትሰማስ?» ዐይኑ እንባ አቀረረ። የኔም አልቀረም። «እመቤቴ አለች» አልሁት። «እሷማ አለች፣ እኔ ነኝ የሌለሁት» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ከየት ተማረ?

እኔም «የሌለኸውስ አንተ ነህ» አልሁት። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

በሳምንቱ ዕቃዬን መልሶ ሲመጣ ዝናብ ጣለ፤ ዕቃውን ከመኪናው ሲያወርድ ሸሚዙ በሰበሰ። የአባቱን ሹራብ አለበስሁትና ሸሚዙን «አጥቤ እሰጥሃለሁ» አልሁት። አልሰጠሁትም። በሚቀጥለው እሑድ የጭቃ ጫማውን «ይድረቅ፣ ተወው» አልሁት። ከዚያ ትራሱ መጣ፣ አንገቱን ሲያመው እንዲያሳርፍበት። ከዚያ የስልኩ ቻርጀር፣ ከዚያ መላጫው። ጋቢዬንም ሲመልስ የራሱን ብርድ ልብስ ጠቅልሎበት መጣ፤ ለካ የኔና የሱ ለየብቻ አልታዩትም።

ብርቄ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «አንቺ፣ ጽዋውን ልትወርሺው ነው? የኔስ ተራ?» ትለኛለች። ደግሼ አስረክብሻለሁ አልኋት። አሁን እኔን ጽዋ የሚያስጨብጠኝ ጭንቀት የለም። ደግሞ እዚህ ወረታ ኮምፒውተር የሚጠብቅ ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት እንዳለ የነገረችኝ እሷው ናት፤ ጠርናፊ ምን ያመልጣታል? ለሙሉቀን ወሬውን ትንሽ ትንሽ እያልሁ እገለብጥለታለሁ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አልነግረውም።

ባለፈው እሑድ እኔ ጓሮ ሆኜ ሲመጣ አየሁት። ስልኩን እያነጋገረ ነው። ሳያይ፣ ሳያስብ በሩን በጉልበቱ ገፋ፣ መወርወሪያውን ወደ ላይ ብድግ፣ ሳብ። ከፍቶ ገባ። እጁ መጥቷል እንግዲህ። አስቸጋሪው ዕቃው ነው አላለኝም? የቀረው ዐይን ለመጨፈን ያህል ነው።

እንዳየሁት አልነገርሁትም። ሕጉ እኮ ተከራዩ ማወቅ የለበትም ነው የሚለው።