አቶ ተክለጻድቅ በሰው ቤት መንበር ላይ ስለ መንገሣቸው

ንዌጥን ጽሒፈ ዜናሁ ለአቶ ተክለጻድቅ። በዘመነ ማርቆስ፣ ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሕዝቡ በሻማ በከረመበት ወራት፣ የቀበሌ ስብሰባ ድምቀት፣ ያልጠየቃቸውን ሁሉ የሚያስረዱ፣ ምላሳቸው የማይዝል አቶ ተክለጻድቅ፣ የልጃቸውን የነፃነትን ሠርግ ቀን ሊቆርጡ ከአዳማ የመጡትን አማቻቸውን፣ የሙሽራውን አባት አቶ ኤልሳዕን አስከትለው፣ በሐረር ግንብ በጀጎል ውስጥ ያለውን ቤተ መንግሥትና የአትክልት ሥፍራውን ሊያስጎበኙ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት ምሳ ላይ የወጣ ጉራ ነበረ። አቶ ተክለጻድቅ በጀጎል ያልረገጥሁት የመሳፍንት እልፍኝ የለም ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ፤ እውነቱ ግን ከግንቡ ውጭ ተወልደው ከግንቡ ውጭ የሸበቱ፣ ጀጎል የሚገቡትም ለሳምቡሳ ብቻ የሆኑ ሰው ናቸው። ይህ ቢታወቅ በአማቻቸው ፊት ዕድሜ ልካቸውን አንገት ደፍተው መኖራቸው ነው። አቶ ኤልሳዕም በጉራ የሚበለጡ አይደሉምና፣ እኔም በወጣትነቴ ገብቼ መንበሩን አይቻለሁ አሉ።

የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጡ፣ የጃንጥላ አዛዥ፤ እኅቷ ዕፀገነት፣ ጫማዋ የጠበባት፣ የማጉረምረም አለቃ፤ አቶ ኤልሳዕ ከነባርኔጣቸው። በግንቡ በር ፈይሰል የሚባል አስጎብኚ በትሕትና ቢቀርብ፣ አቶ ተክለጻድቅ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። የሐረር ልጅ በሐረር መሪ አይሻም። ከፊቴ ዞር በል።»

ወእምዝ ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ወደ ግራ ታጠፉ፤ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ዳር የተደረደሩ ልብስ ሰፊዎች እየተመላለሱ ሲያልፉ አይተዋቸው ፔዳላቸውን አቁመው እስኪታዘቡ ድረስ ዞሩ። ዕፀገነት ሰው እንጠይቅ ብትል ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በመጨረሻም አንድ የተከፈተ አረንጓዴ በር አገኙ፤ ገቡም። በግቢው አንድ የሎሚ ዛፍና የተሰጣ ልብስ ነበረና፣ እነሆ የመሳፍንቱ አትክልት ሥፍራ አሉ።

ከቤቱም ሲዘልቁ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን አጊጦ፣ ቀይ መደቦች ደረጃ በደረጃ ተሠርተው አዩ። በሐረሪ ቤት ሁሉ አባወራው የሚቀመጥበት፣ በሩን የሚያይ ከፍ ያለ መደብ አለ፤ ሌላ ሰው ዘሎ አይወጣበትም። አቶ ተክለጻድቅ ግን፣ ምን ቆርጧቸው ይጠይቁ፣ ከነጫማቸው ወጥተው ጉብ አሉበትና አወጁ፦ «መስፍኑ ፍርድ የሚሰጥበት መንበር ይህ ነው።» ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥንም ለጎብኚ ማብራሪያ የተሰቀለ ነው አሉ። አቶ ኤልሳዕ ደግሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ያኔ ያየሁት መንበር ራሱ ነው፣ አባቴ ይሙት ብለው ማሉ።

በዚያች ሰዓት የቤቱ እመቤት ሸምሲያ እጇ ሊጥ እንደ ሆነ ከጓዳ ወጥታ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አሕለን፣ ቤታችሁ ነው፣ አረፍ በሉ። ቤተ መንግሥቱ እንኳ ቀጥሎ ነው፤ ይህ የእኛ ቤት ነው። የተቀመጡበት የባለቤቴ የሙሜ ቦታ ነው፤ ሱቅ ሄዷል፤ እስኪመጣ ግድ የለም፤ ወላሂ ጫማዎን ብቻ ያውልቁልኝ።»

ወይዘሮ በለጡ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። አቶ ተክለጻድቅ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር፤ ቀና ቢሉ ግን የማሉት አማቻቸው ከእሳቸው ብሰው መቅላታቸውን አዩ፣ ነፍሳቸውም መለስ አለች። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው፣ የቀረበላቸውን በወተት የፈላ የቡና ቅጠል ጠጡ።

ሲመለሱ በቤተ መንግሥቱ ደጅ አለፉ፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩትም። ፈረስ መጋላ አደባባይ ሲደርሱ አቶ ኤልሳዕ አወጁ፦ «ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን። የዛሬውን የሚያነሣ አይኑር።» እንዲህም ሆኖ በሁለት ውሸታሞች ኀፍረት ጋብቻው ጸና።

ወይዘሮ በለጡ ግን በሳምንቱ እኅቷን ይዛ፣ ፈይሰል እየመራት፣ ቤተ መንግሥቱን አዳርሳ አየች፤ በውስጡም መንበር የሚባል ነገር እንደሌለ አረጋገጠች። ይህንንም ባሏ ለሚያናድዳት ቀን አስቀምጣዋለች።

ውዳሴ ይደልዎ ለአቶ ተክለጻድቅ፣ ያለ ጦር የሰው ቤት ለደፈሩ፣ ያላዩትን ላስጎበኙ፣ በሙሜ መደብ ላይ ሙሜ ከሱቅ እስኪመለስ ለነገሡ!