በቅሎ የጎተተችው ቤት

የማያውቀውን እየለፈለፈ የሰው ቤት የሚያፈርስ ሞልቷል። የሚያውቀውን ዋጥ አድርጎ በመኩራቱ የራሱን ቤት ያጣስ? እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ። ኩሩው እኔ ነበርኩ፤ ቤቱም የእኔ። ደግሞ "ፈረሰ" ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቤቴ አልፈረሰም፤ ሄደ እንጂ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ አዳማ ገና ናዝሬት ሳትባል ነው። በባቡር ጣቢያው መጋዘን የሚዛን ጸሐፊ ነበርኩ። የሚዛን ጸሐፊ ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ! የአርሲ ገብስ ቢሉ፣ የዝዋይ ቆዳ ቢሉ፣ እኔ አይቼ ካልጻፍኩት ባቡር አይሳፈርም። እንዲህ ያለ ሰው ምክር ይቀበላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

የመጀመሪያ ቤቴን ምስጥ በላው። አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር ስጨዋወት ምሰሶዬን ደገፍ ብል ክንዴ እስከ ትከሻዬ ሰመጠ። ከውጭ ግራር የሚመስለው ነገር ውስጡ አፈር ሆኗል። ያን ቀን ሁለተኛ ምሰሶዬ መሬት እንደማይነካ ማልኩ። የመጋዘናችን ምሰሶዎች ከሲሚንቶ ወለል ላይ በብረት ተይዘው ሲቆሙ በየቀኑ እያየሁ የእኔ ለምን አይቆምም?

የቸኮልኩት ለቤቱ ብቻ አልነበረም። የደራው ኦቦ በዳዳ ልጃቸውን ጫልቱን ሊሰጡኝ ለሽማግሌዎቼ ቃል ገብተዋል፤ ቤቱ ቆሞ በዓይናቸው ካላዩ ግን ሠርግ የለም። ጫልቱን እወዳት ነበር። ዛሬ ይህን ስናገር አላፍርም፤ ያኔ ግን ለሚዛኔም አልነገርኩት።

ኦቦ በዳዳ ቀጥ ቀጥ ያለ ጽድ ከአርሲ ደጋ አስቆርጠው በግመል ላኩልኝ። ጽድ ምስጥ ስለማይደፍረው ቆፍሬ እንድተክለው አብረው መልእክት ላኩ። ልክ ነበሩ። ግን ልክ የሆነ አማት ሲመክር መስማት ቀላል ነው? ስለ ሲሚንቶው ትንፍሽ አላልኩም። ቤቱ ቆሞ ሲያዩት አፋቸውን ይዘው እንዲቀሩ ነበር ሐሳቤ።

ግንበኛው ሙሴ ኮስታ የሚባል ግሪክ ነው። አንድ ማለዳ ወለሉን አፍስሶ ጨረሰና በየምሰሶው ቦታ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ውስጥ፣ አንድ አንድ ብረት አቆመ። ብረቶቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ከታች የተቆለመሙ፣ ከላይ ብሎን ማሰሪያ ጥርስ ያላቸው። ሲሚንቶው ሲደርቅ ብረቱን ነክሶ ይይዛል፣ ምሰሶው ደግሞ ከብረቱ ላይ ይታሰራል። ሙሴ ኮስታ ይህን ለእኔ ብቻ ነግሮኝ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሄደ። እኔም ለማንም ሳልናገር ወደ ሚዛኔ ሄድኩ።

እንግዲህ የአገራችንን ቤት አሠራር አስታውሱ። መጀመሪያ በየምሰሶው ቦታ ችካል ይተከላል፤ ከዚያ ቦታው ከታወቀ በኋላ ችካሉ ተነቅሎ ይጣላል። ይህን የማያውቅ ሰው ከአዋሽ ወዲህም ወዲያም የለም። ኦቦ በዳዳም፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ሊያግዙኝ በበቅሏቸው ከደራ ደረሱ።

ለምሳ ስመለስ እጃቸው እስከ ክርናቸው ግራጫ ሆኖ "ናጋ ጂርታ?" እያሉ በደስታ ተቀበሉኝ። ወለሉ አንድ ጭረት የለበትም። ብረቶቹ ጥግ ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል። ሲሚንቶው ሳይጠነክርባቸው ሁሉንም ነቅለው፣ ቀዳዳውን ደፍነው፣ በመዳፋቸው አለስልሰውልኛል።

"ችካሎችህ ከታች ተጣመው ነበር" አሉኝ። "በድንጋይ ቀጥቅጬ አቃናኋቸው።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሌላ ሰው ቢሆን ጩኸቴ ሞጆ ድረስ በተሰማ። የጫልቱ አባት ናቸውና ንዴቴን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጥኩና እጅዎ ይባረክ፣ ደከሙልኝ አልኳቸው። እውነቱን ያን ጊዜ ብነግራቸው ምን ነበረበት? በዝምታ የመጣ ነገር በዝምታ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

ሙሴ ኮስታ እስኪመለስም መጠበቅ ይቻል ነበር። እኔ ግን የሚዛን ሰው ነኝና በክብደት አምናለሁ። ዐሥራ ሁለት የጽድ ምሰሶ፣ ማገሩ፣ ወራጁ፣ ቆርቆሮው ተደምሮ ማን ከቦታው ያነቃንቀዋል? ወለሉ እንደ ደረቀ ጎረቤቱን ለደቦ ጠራሁ። ምሰሶዎቹን እንዲያው ወለሉ ላይ አቁመን እርስ በርሳቸው አሰርናቸው፤ ቆርቆሮውም ተመታ። ከሩቅ ሲያዩት በእውነት ያምር ነበር።

ኦቦ በዳዳ አይተው ሊመርቁ መጡ። እንደማንኛውም እንግዳ በቅሏቸውን ከጥግ ምሰሶ ላይ አሰሩ። የአዳማ ነፋስ የመጣው ያን ጊዜ ነው። አቧራው ተነሣ፣ ቆርቆሮው ጮኸ፣ በቅሎዋ ደንብራ ወደ ኋላዋ ጎተተች። ቤቱም ተከተላት። ሳይቸኩል፣ በጨዋ አካሄድ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ተራመደና ሁለቱ የጥግ ምሰሶዎች ከወለሉ ወርደው አዘንብሎ ቆመ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

ኦቦ በዳዳ በቅሏቸውን ፈቱ፤ አቧራቸውንም አራገፉ።

"ልጄ፣ በቅሎ የሚጎትተው ነገር ጋሪ ይባላል" አሉኝ። "ጫልቱን ጋሪ ውስጥ አላሳድርም።"

በቅሏቸውን ጭነው ወደ ደራ መንገድ ጀመሩ። እኔ የጣቢያው የሚዛን ጸሐፊ፣ ኮቴን ለብሼ፣ በዚያ አቧራ ከበቅሎዋ ጎን እየሮጥኩ ብረቶቹ ምን እንደነበሩ ነገርኳቸው። ጥፋቱም የእርስዎ ሳይሆን አፌን የዘጋሁት የእኔ ነው አልኩ። ጫልቱን ከሚከለክሉኝ ያን ወለል በጥርሴ ብቦረቡረው ይሻለኛል አልኩ። እሳቸው በቅሏቸውን ኮልኩለው አለፉኝ። እየሰሙኝ መሆኑን እንኳ አላወቅሁም።

በሳምንቱ መሮና መዶሻ ይዘው ተመለሱ።

ሙሴ ኮስታም መጣ። ወለሉን አየ፤ ምሰሶዎቹን አየ፤ በአገሩ ቋንቋ የተናገረውን አስተርጓሚ ሳያስፈልግ ተረዳነው። ከዚያ ጎረቤቱ ቤቱን ተሸክሞ ወደ ጎን አስቀመጠልን። ኦቦ በዳዳና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ በመሮ ፈለፈልን። ያቃኗቸውን ብረቶችም በገዛ እጃቸው መልሰው ቆለመሟቸው። ሙሴ ኮስታ ብረቶቹን በየጉድጓዱ አቁሞ ዙሪያቸውን የቀለጠ እርሳስ አፈሰሰባቸው። ምሰሶዎቹ ተበስተው በብሎን ታሰሩ። አራተኛውን ጉድጓድ የፈለፈልኩት እኔ ስለሆንኩ ሁለት ጣት ያህል ስቷል፤ እዚያ ላይ የቆመው ምሰሶ ጠመም ይላል።

ሥራው ሲያልቅ ኦቦ በዳዳ ማንንም ሳያማክሩ በቅሏቸውን ከዚያው ጥግ ምሰሶ አስረው በአለንጋ ሸነቆጧት። ልጓሙ ተበጠሰ። ቤቱ ንቅንቅ አላለም። ሠርጉ የሚሆንበትን ቀን የነገሩኝ የተበጠሰውን ልጓም በእጃቸው እንደያዙ ነው።

በሠርጉ ዕለት ታዲያ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? አማቴ ምሰሶዬን ደገፍ ብለው ለእንግዶች ያወጋሉ። ብረቱን የነቀሉት አውቀው ኖሯል! ልጃቸውን የሚወስድ ሰው ሲናደድ ምን እንደሚሆን፣ ጥፋቱንም በሰው ላይ የሚያላክክ መሆን አለመሆኑን ሊፈትኑ ኖሯል። እንግዳው ሁሉ በጥበባቸው ተደነቀ። እኔም ግማሽ በግማሽ አመንኩ።

ሰንበትበት ብለን ጫልቱን እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሥራዋን ሳታቋርጥ መለሰችልኝ።

"አባቴ ሳያውቅ ያደረገውን ነገር ሁሉ ሆን ብሎ ነው ያደረገው።"

ይኸው ስንት ዓመት ሆነን፤ ቤቱ እንደቆመ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው አራተኛው ምሰሶ ላይ ነው፤ ለምን ጠመመ ብሎም ይጠይቀኛል። ጫልቱ ቀና ብላ ታየኛለች። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሆን ብዬ ነው እላለሁ።