ከስብሰባ ቀርቶ የማያውቀው አባል

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባላል። ይህን የተናገረ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሮ አያውቅም። እኛ እዚህ በስደት ያለን ሐበሾች ሰይጣኑን የምናውቀው በወሬ ብቻ ነው፤ በተለይ ፍሪሜሶን የሚባሉትን ሰዎች። በራቸው ላይ ኮምፓስና ስኳድራ የተሳለበትን ሕንጻ ስናይ መንገድ እንሻገራለን። እኔ ደግሞ መኪና ሳልገዛ በፊት እዚያ አጠገብ አውቶቡስ ስጠብቅ ጀርባዬን ለሕንጻው ሰጥቼ ቆሜ አላውቅም ነበር። ከፊት የመጣ ሰይጣን ቢያንስ ለማማተብ ጊዜ ይሰጣላ!

እግዚአብሔር ግን ቀልድ ያውቃል። ሥራዬ ሆም ሄልዝ ኤይድ ነው፤ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። ኤጀንሲው ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ሰው ሰጠኝ። ዘጠና ዓመት የሞላቸው፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ሁለት ወር ሾርባ ሳሞቅላቸውና የጫማቸውን ክር ሳስር ከቆየሁ በኋላ ነው አንድ ቀን የጣታቸውን ቀለበት ልብ ብዬ ያየሁት። ኮምፓስና ስኳድራ! ለካ መንገድ ተሻግሬ ስሸሸው የኖርኩትን ጉድ በየቀኑ ካልሲ ሳለብሰው ከርሜያለሁ።

አንድ የክረምት ቀን ሚስተር ዋልተር «ኤስተር፣ ነገ ወደ ሎጁ ትወስጂኛለሽ?» አሉኝ። ሎጅ የሚሉት ያንኑ ሕንጻ ነው። አባላቱ አልቀው ሊዘጋ ነው፤ ዕቃው እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ላለው ሎጅ ይሰጣል። እሳቸው አርባ ዓመት ጸሐፊ ስለነበሩ መዝገቡን መለየት አለባቸው። ማምለጫ ያገኘሁ መስሎኝ «ሴት መግባት ክልክል አይደለም ወይ?» አልኳቸው። «ክልክል ነው» አሉ ረጋ ብለው፤ «ግን የከለከሉት ሁሉ ሞተዋል።»

ይህ እንግዲህ ሰው ማረጋጋታቸው ነው።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ክንዳቸውን ደግፌ ደረጃውን ወጣን። አዳራሹ መስኮት የለውም። ውጭ ፀሐይ ነው፣ ውስጥ መቃብር። ወለሉ ጥቁርና ነጭ፣ ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ዓይን ተስሏል። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ባዶ ናቸው፣ ግን ሰዎቹ አሁን የተነሡ ይመስላሉ። ሁሉም ነገር አቧራ ለብሷል። ጥግ ላይ የአንዲት ትንሽ በር እጀታ ብቻ ያበራል። እጀታ የሚያበራው እጅ ሲነካው ነው። የማን እጅ?

የሳቸው ዓይን ስለደከመ መዝገቡን የማነበው እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ ከአንድ የመኖ መደብር ፎቅ ላይ የተሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ሐኪም፣ አንድ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ፣ አንድ ባለ ወፍጮ፣ አንድ አናጢ። ደም ጠጡ የሚል ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ «ለወንድማችን መበለት ማገዶ ተላከ» የሚል ነው። ሲታመሙ ተራ ገብተው ያስታምማሉ፣ ሲሞቱ ይቀባበራሉ። እንደኔ ያለ ጥቁር ሰው በዚያ በር እንዳይገባ የከለከሉበትን ዘመን ግን መዝገቡ አያነሣም። ቀና ብዬ ሳያቸው ገባቸው። «እሱን አልጻፍነውም» አሉ አንገታቸውን ደፍተው፤ «መጻፍ ነበረብን።»

ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ግን አንድ ስም ይደጋገምብኝ ጀመር። ኤድዊን፣ አናጢው። በየስብሰባው ስም ይጠራል፤ የሁሉም ስም አንድ ቀን «አረፈ» ተብሎ ይጠፋል። የኤድዊን አይጠፋም። ቀለሙ ተለወጠ፣ የእጅ ጽሑፉ ተለወጠ፣ ታይፕ መጣ፤ ኤድዊን ግን ሁልጊዜ «አለ»። በጣቴ ብቆጥር ማቱሳላ ካልሆነ በቀር ይህን ያህል የሚኖር ሰው የለም።

«አባትና ልጅ ናቸው? ስም ተወራርሰው ነው?» አልኳቸው።

«አንድ ሰው ነው። ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም።»

«ባለፈው ስብሰባስ?»

«ነበረ» አሉኝ፤ «አሁንም አለ።»

ይህን ሲሉ ከትንሿ በር ጀርባ የሆነ ነገር ቋ! አለ። የማሞቂያ ቧንቧ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ እኔ ያን ጊዜ «አባታችን ሆይ»ን ከመካከሉ ጀምሬ ነበር። ሚስተር ዋልተር ከዘራቸውን ይዘው ተነሡና በሩን ከፈቱ። ግድግዳዋ ጥቁር የተቀባ፣ ቁም ሳጥን የምታህል ክፍል ናት። አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የአሸዋ ሰዓት። ከአሸዋው ሰዓት ጎን የሰው የራስ ቅል።

«ኤድዊን» አሉ፣ ጎረቤት እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። መኪናዬን አስነሥቼ ቀበቶ ሳስር ነው ዘጠና ዓመት የሞላው ሰው ደረጃ አናት ላይ ትቼ መምጣቴ ትዝ ያለኝ። ልቁም ነፍሴ፣ ልሂድ የሥራ ላይሰንሴ! እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ስገባ እሳቸውም ከራስ ቅሉ ፊት ተቀምጠው ያለቅሳሉ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩና ነገሩኝ። ኤድዊን ይህን አዳራሽ በእጁ የሠራ ሰው ነው። ሚስቱ በጋብቻቸው ዓመት ሞታበት አሌክሳንድሪያ ተቀበረች፤ ዘመድ አልነበረውም። ሊሞት ሲል የሎጁን ወንድሞች ለመናቸው። አካሌን ከእሷ ጎን ቅበሩት፣ ራሴን ግን እዚህ አኑሩት፣ አዲስ የሚገባ ሁሉ ሞቱን እንዲያስብብኝ፤ ሎጁ እስካለ ድረስም ስሜን ጥሩ። እነሱም ቃላቸውን ጠበቁ። እጀታውን ያበሩት ለካ የሚስተር ዋልተር ጣቶች ናቸው፤ እስከ አምና በየሳምንቱ እየመጡ ያጫውቱት ነበር።

አሁን ሎጁ ሊዘጋ ነው። የአሌክሳንድሪያዎቹ ወንበሩን እንወስዳለን፣ የራስ ቅሉን አንወስድም ብለዋል። ሚስተር ዋልተር መኝታ ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ሊያኖሩት አስበዋል። አቧራውን የሚያራግፈው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ገብቶኛል።

«ለምን ከሚስቱ ጋር አንቀብረውም?» አልኳቸው።

«ከኔ በቀር ማን ይመጣል?» አሉ። «አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ወንድሙን ይቀብራል?»

ቀባሪ አያሳጣህ እየተባለ የሚመረቅ ሕዝብ ልጅ ነኝና ይህች ቃል ከራስ ቅሉ ይልቅ አስደነገጠችኝ። የዚያኑ ዕለት አስፐን ሂል ወደሚኖሩት ወደ እድራችን ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድኩ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። ሜሶን የሚለውን ቃል ስጠራ ሦስት ጊዜ አማተቡ።

«ከነሱ ጋር ምን አገናኘሽ? ጉድ ፈላ!»

«ጋሽዬ፣ ሰውየው እኮ ሞቷል።»

«ዘመድ የለውም?»

«የለውም።»

«ቀባሪስ?»

«አንድ ሽማግሌ ብቻ።»

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው ብዕር አነሡ። «ስንት ሰዓት ነው ቀብሩ?»

የካውንቲው አስተዳደር የቀብር ፈቃድ እስኪያልቅ ጥቂት ሳምንታት ፈጀ። በቀብሩ ቀን አሌክሳንድሪያ ላይ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ሚስተር ዋልተር ትንሿን ሣጥን ጭናቸው ላይ ይዘው ከመኪናዬ ሲወርዱ፣ አርባ የሚሆን ሐበሻ ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ስሙን እንኳ አስተካክሎ መጥራት ለማይችለው ሰው ተሰልፏል። የቀብር አስፈጻሚው ጋሽ ደምሴን ቤተሰብ እንደሆኑ ጠየቃቸው። «እድር» አሉት፤ እሱም ጻፈው።

ሣጥኗ ስትወርድ ነፋሱ ቀጥ አለ። ምናልባት በአጋጣሚ ነው፤ ግን ሁላችንም ተያየን። ሚስተር ዋልተር መዝገቡን አወጡና ከኤድዊን ስም ጎን «አረፈ» ብለው ጻፉ። እኔ በሕይወቴ አይቼው ለማላውቅ አናጢ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ከቀብር መልስ አናንዴል ባለ የአንድ የእድራችን አባል ቤት ንፍሮ ቀረበ። ሚስተር ዋልተር እየቆረጠሙ ቤቱን የሞላውን ሰው ሲያዩ ቆዩና እንዳስተረጉምላቸው ጠየቁኝ። እዚህ ማኅበር አባል የሚኮነው እንዴት ነው?

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለት አባል ይመሰክርለታል፣ ጉባኤው ይወስናል፣ የተነገረው ከቤት አይወጣም አሉ። ሚስተር ዋልተር ፈገግ አሉ። «የኛም እንዲሁ ነበር።»

ይህንንም አስተረጎምኩ። ጋሽ ደምሴ የሚያማትቡ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦

«ጸሐፊ ካጣን ሁለት ዓመታችን ነው፤ አማርኛ ለመልመድ ስንት ወር ይፈጅባቸዋል?»